ቅልጥም በቤታችን፦ መቅኑ ሳይቀልጥ፣ መረቁም ሳይባክን

ልጅ ሆኜ ቅልጥምን የማውቀው በድምፁ ነው። ቤታችን አራት ኪሎ ነበር። በዓል ሲሆን፣ ዶሮው ተበልቶ ሰው ሁሉ ጠገብኩ ካለ በኋላ፣ እናቴ አንድ ሰሃን ቅልጥም ይዛ ከጓዳ ትወጣለች። ያኔ ጨዋታው ይቆማል። አንዱ አጥንቱን ሰሃኑ ላይ ያንኳኳል። ሌላው በማንኪያ እጀታ ውስጡን ይቆረቁራል። ሌላው አፉን ገጥሞ ይመጠምጣል። አባቴ የመጀመሪያውን ለእንግዳ፣ ሁለተኛውን ለአያቴ ይሰጣል። ለእኛ ለልጆቹ የሚደርሰን በእንጀራ ጫፍ የተጠቀለለች አንድ ጉርሻ ናት። ያቺ ጉርሻ እስካሁን አፌ ላይ አለች።

አሁን ቅልጥሙን የምቀቅለው እኔ ነኝ። በየሰው ቤት የማየው አንድ ነገር ደግሞ ያንገበግበኛል። ቅልጥም ይገዛል፤ መቅኑ ግን አይበላም። አጥንቱ ከሥጋው ጋር ድስት ውስጥ ይገባና ሦስት አራት ሰዓት ይንተከተካል። መቅኑ ቀልጦ ይወጣል። መረቁ ላይ የተንሳፈፈው ስብ «ጮማው በዛ» ተብሎ በጭልፋ እየተቀዳ ይደፋል። የተደፋው እኮ መቅኑ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። መቅኑና መረቁ ሰዓታቸው የተለያየ ነው። ለመቅኑ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። መረቁ ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ መቅኑን አውጥተን እንበላለን። ከዚያ ባዶውን አጥንት ወደ ድስቱ እንመልሳለን። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህንኑ እንዴት እንደምታደርጉት ነው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። እኛ ቅልጥም ስንል አጥንቱንም ውስጡንም ማለታችን ነው። እዚህ እንዳይምታታ አጥንቱን ቅልጥም፣ ውስጡ ያለውን ለስላሳ ነገር መቅን እለዋለሁ። ትልልቅ ሰዎች ሳይበረክት ስላለቀ ገንዘብ ሲያወሩ «መቅኖ የለውም» ይላሉ። ያን ስሰማ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ረጅም ሰዓት ተቀቅሎ ባዶውን የቀረ አጥንት ነው።

ግዢው

ድሮ የምገዛው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነበር። ሥጋ ቤቶቹ ጎን ለጎን ተደርድረው፣ አንዱ ጋ ያጣችሁትን ሌላው ጋ ታገኛላችሁ። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ደንበኞቼም ተበተኑ። አሁን አራት ኪሎ አካባቢ ካለ ሥጋ ቤት ነው የምገዛው። ለበዓል ብዙ ሲያስፈልገኝ ቄራ ድረስ እወርዳለሁ።

ቀኑና ሰዓቱ ለውጥ አለው። ረቡዕና ዓርብ ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ። ሐሙስ ወይም ቅዳሜ ማለዳ ሂዱ። ማለዳ ስትሄዱ እግሩ ገና ሳይከታተፍ ሙሉውን ተሰቅሎ ታገኙታላችሁ። ከሰዓት በኋላ ግን ቅልጥሙን ምግብ ቤቶች ወስደውታል፤ ወይም ተፈላልጦ ከሌላ አጥንት ጋር ተቀላቅሏል።

የሚፈለገው የበሬ የኋላ እግር ነው። ከጉልበት በታች ያለው ረጅም አጥንት ቀጥ ያለ ነው፤ ውስጡም ሰፊ። የጭን አጥንትም ወፍራም ስለሆነ ብዙ መቅን ይይዛል። የፊት እግሩም ይበላል፤ ግን ቀዳዳው ጠበብ ይላል። የበግ ቅልጥም ጣፋጭ ነው፤ የሚወጣው መቅን ግን ጥቂት ስለሆነ ለቅቅል ተዉት።

ጥሩ መቅን ሲታይ ነጭ ወይም ወደ ክሬም የሚያደላ ነው። ሐመር ሮዝ ቢሆንም ችግር የለውም። ትንሽ የደም ነጠብጣብም አያስፈራም። የጥጃ ከሆነ ቀላ ይላል፤ የወጣት እንስሳ መቅን ገና ደም የሚያመርት ነውና። እንስሳው እያደገ ሲሄድ የእግሩ መቅን ቀስ በቀስ ወደ ስብነት ይለወጣል። ግራጫ የሆነ፣ የሚያዳልጥ ወይም የሻገተ ቅቤ የሚሸት ከሆነ ተዉት። ሥጋው ላይ የቄራ ማህተም መኖሩንም እዩ። ማህተሙ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ እንስሳው በሐኪም መታየቱን የሚነግራችሁ ግን እሱ ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ አቆራረጡ። የእኔና የሥጋ ቆራጩ ንግግር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦

«ጋሼ፣ ዛሬ የኋላ እግር ቅልጥም አለ?»

«ለአንቺማ አይጠፋም። በመጥረቢያ ልበለው?»

«አይ፣ በመጋዙ ይሁንልኝ። ስድስት ስድስት ሴንቲ።»

በመጥረቢያ የተመታ አጥንት ይሰነጠቃል። መቅኑ በስንጥቁ ይፈስሳል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ስባሪው ነው። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ከማላውቀው ሥጋ ቤት በመጥረቢያ የተፈለጠ ገዛሁ። ማታ የወንድሜ ልጅ ሲበላ መርፌ የሚያህል ስባሪ ድዱ ላይ ተሰካ። ደሙን ሳይ የደነገጥኩትን አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ መጋዝ ከሌለው ቤት ቅልጥም አልገዛም። የኤሌክትሪክ መጋዝ ያላቸው ሥጋ ቤቶች አሉ፤ በእጅ መጋዝ የሚቆርጡም አሉ። ትንሽ ያስጠብቃል። ጠብቁ።

ለአራት ሰው ሁለት ኪሎ አጥንት ይበቃል። ከስድስት እስከ ሰባት ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ስድስት ያህል ቁራጮች ይወጡታል። ጉልበቱን፣ ማለትም የመጋጠሚያውን ድቡልቡል ክፍል፣ እንዳይጥሉባችሁ። ለመረቁ ከቅልጥሙ በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው። ጥሩ ደንበኛ ከሆናችሁ ምርቃት ብለው ይሰጧችኋል።

ማጠብና መዘፍዘፍ

መጀመሪያ ቁራጮቹን በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡ። የመጋዙ ብናኝ ጫፎቹ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በጣታችሁ ወይም በንጹሕ ብሩሽ አስለቅቁት። ካልለቀቀ አሸዋ የበላችሁ ያህል ጥርስ ላይ ይንቋቋል።

ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉ። ለአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው አድርጉ። ማታ ዘፍዝፋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ከመተኛታችሁ በፊት አንዴ፣ ጠዋት ስትነሡ አንዴ ውኃውን ለውጡ። ደሙ ይወጣል። መቅኑ ይነጣል። ጣዕሙም ይለዝባል።

መብራት ከሄደ፣ ወይም ፍሪጅ ከሌለ፣ አታሳድሩት። በዕለቱ ሁለት ሰዓት ብቻ ዘፍዝፉና ወደ ምድጃው ሂዱ።

መቀቀል

ሰፊና ጠለቅ ያለ ብረት ድስት ያዙ። ቁራጮቹን አቁማችሁ ደርድሩ፤ ቀዳዳቸው ወደ ላይ ይሁን። ከተጋደሙ መቅኑ በሁለቱም ጫፍ ይንሸራተታል። ድስቱ ሰፍቶ ቁራጮቹ የሚወድቁ ከሆነ በመካከላቸው የጉልበቱን አጥንት ወይም የተላጠ ድንች ሰካክታችሁ ደግፏቸው።

አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ከትንሽ የፉርኖ ዱቄትና ውኃ ጠንከር ያለ ሊጥ አቡኩ። ከአንድ እንቁላል የማይበልጥ ሊጥ ወስዳችሁ የእያንዳንዱን አጥንት የታች ቀዳዳ ድፈኑበት። የድሮ እንግሊዞች አጥንቱን በሊጥ እየደፈኑ፣ በጨርቅ እያሰሩ አቁመው ይቀቅሉት ነበር። ጨርቁ ለእኛ አያስፈልግም፤ ሊጡ ብቻውን ይይዛል። ሲበስል ተላቅቆ ይወጣል። እኛ ቤት ልጆቹ መረቅ የጠጣውን ሊጥ ይሻሙበታል።

ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱ። የውኃው ከፍታ ከአጥንቱ አፍ አንድ ጣት ዝቅ ይበል። አጥንቱን ካጥለቀለቀው የሚንተከተከው ውኃ ከላይ ገብቶ መቅኑን ያጥበዋል። ድስቱን ክደኑና በመካከለኛ እሳት አፍሉ። አረፋ ሲመጣ በጭልፋ ግፈፉ። ይህ ነጭና ግራጫ አረፋ ነው፤ እሱን ማውጣት ተገቢ ነው። አረፋ ግራጫና ቡፍ ያለ ነው። መቅን ግን ሲቀልጥ ጥርት ያለ ዘይት ይመስላል። ሁለቱን ለዩ።

መፍላት እንደጀመረ እሳቱን ቀንሱት። ውኃው እየተንቀጠቀጠ እንጂ እየዘለለ አይፍላ። ከዚህ ጀምሮ ሰዓት ያዙ። ሊጥ ካላደረጋችሁ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ። ሊጥ ካደረጋችሁ 35 ደቂቃ ገደማ።

ውጭ አገር የተጻፈ የምግብ አሠራር ያነበበ ሰው ይህ ሰዓት ይረዝምበታል። ምክንያቱ ከተማችን ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውኃም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ባቄላችንም፣ ሥጋችንም፣ አጥንታችንም የሚዘገየው ለዚህ ነው። እሳት ብትጨምሩ ውኃው ይበልጥ ይዘልላል እንጂ ይበልጥ አይሞቅም። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ይባላል። በቅልጥም ላይ የሚቸኩል ደግሞ መቅኑን ያጣል።

መድረሱን በሰዓት ብቻ አትመኑ። ቀጭን የእንጨት ስንጥር ወይም የሻይ ማንኪያ እጀታ መቅኑ መሐል ስደዱ። ሳያንገራግር እስከ ታች ከገባ ደርሷል። ጫፉን ዳስሱት፤ መሐሉ ድረስ የሞቀ መሆን አለበት። መቅኑ ከአጥንቱ ግድግዳ ትንሽ መላቀቅ ሲጀምርም ይታያል። ይህን ስታዩ አትጠብቁ፤ አውጡት። ከዚህ በኋላ ያለው እያንዳንዱ አምስት ደቂቃ መቅኑን ያቀልጠዋል።

እኔ ይህን የተማርኩት ፋሲካ ዕለት ነው። ሰው ጠርቼ ነበር። አጥንቱን በዋዜማው ምሽት ጥጄ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ጾሙ ተፈትቶ፣ ሰው ሁሉ 55 ቀን የጠበቀው ምግብ ሲቀርብ፣ ቅልጥሙንም አወጣሁ። አጎቴ አንዱን አነሣ። አንኳኳው። ደግሞ አንኳኳው። «ውስጡ የለም እኮ» አለ ቀስ ብሎ። ስድስቱም ባዶ ነበሩ። ሽማግሌ ሰው ነው፤ ቅልጥም ደግሞ ይወዳል። እሱን እንዲህ ባዶ እጁን ማስቀረቴ ቆጭቶኛል። ከዚያ በኋላ ነው ሰዓት መያዝ የጀመርኩት።

ኦቨን ላላችሁ

ኦቨን ካለ ይህ ይቀልላል። እስከ 220 ዲግሪ አሙቁት። የተዘፈዘፉትን ቁራጮች በደንብ አድርቁ፤ ጠርዝ ባለው መጥበሻ ላይ አቁሟቸው። ከላይ ትንሽ ጨውና የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ነስንሱ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በቂ ነው። ላዩ ወርቃማ ሲሆን፣ ጠርዙ ላይ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ይደርሳል። መጥበሻው ላይ የፈሰሰ ስብ ካያችሁ ማለፍ ጀምሯል ማለት ነው። ያንን ስብ አትድፉት፤ ድንች ጥበሱበት።

በእኔ ምርጫ በኦቨን የበሰለው ለዳቦ፣ የተቀቀለው ለእንጀራ ይስማማል። የተጠበሰው ሽታው ጠንካራ ነው። የተቀቀለው ለስላሳና ንጹሕ ጣዕም አለው።

መብላት

በትኩሱ። ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። መቅን ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ ላንቃ ላይም ይጣበቃል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ከተቀመጠ፣ እንጀራው ከቀረበ፣ ሚጥሚጣው ከወጣ በኋላ ነው አጥንቱ ከድስቱ የሚወጣው። ሰሃኑንም በፈላ ውኃ አሙቁት።

ለማውጣት የሻይ ማንኪያ እጀታ ይበቃል። በ18ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሀብታም ቤቶች ለዚህ ብቻ የተሠራ ቀጭን የብር ማንኪያ ነበራቸው። ሚላኖዎች ደግሞ ኦሶቡኮ በሚሉት የጥጃ ቅልጥም ምግባቸው ይታወቃሉ። የስሙ ትርጉም «ቀዳዳ ያለው አጥንት» ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ ያለውን መቅን የሚወዱት ይበዛሉ። እኛ ጋ እጅ አለ። አጥንቱን በናፕኪን ያዙ፣ አዘንብሉ፣ ሌላኛውን እጃችሁን ጨብጣችሁ አንጓችሁን መታ መታ አድርጉ። ብዙ ጊዜ ሙሉው መቅን ሾልኮ ይወርዳል። የቀረውን ምጠጡ። ድምፅ ቢያሰማም ማንም አይቀየምም፤ በቅልጥም ገበታ ላይ ይህ ነውር አይደለም።

የሚያስፈልገው ቅመም ትንሽ ነው። ጨው፣ ሚጥሚጣ፣ አለቀ። መቅን ራሱ ስብ ስለሆነ የሚቆርጠው ነገር ይፈልጋል። ሰናፍጭ ለዚህ ተስማሚ ነው። የተከተፈ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት በሎሚ አሽታችሁ ብታቀርቡም ድንቅ ነው። አዋዜ ግን መቅኑን ያሸንፈዋል፤ እኔ አልጨምርም። ጠርዙ የተጠበሰ ዳቦ ላይ ቀብታችሁ ሚጥሚጣ ብትነሰንሱ ለቁርስ ይሆናል። ቆጮም ይመቸዋል።

ጉርሻውንም አትርሱ። ቁራጩ ለሰው ሁሉ ባይዳረስ መቅኑን በአንድ ትንሽ ሳህን ሰብስቡት። ጨውና ሚጥሚጣ አድርጋችሁ በማንኪያ ቀላቅሉ። ከዚያ በእንጀራ እየጠቀለላችሁ አጉርሱ። ስድስት ቁራጭ አሥር ሰው ያዳርሳል።

በነገራችን ላይ ይህ ሥራ በአገራችን በጣም ጥንታዊ ነው። ከቤቴ ትንሽ ወደ ላይ፣ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ፣ ድንቅነሽ ያለችበት ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ድንቅነሽ በተገኘችበት በአፋር፣ መካከለኛው አዋሽ ውስጥ ቡሪ በሚባል ቦታ፣ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ የእንስሳት አጥንቶች ተገኝተዋል። ግኝቱ ይፋ የሆነው በ1991 ዓ.ም. ነው። አጥንቶቹ ላይ በድንጋይ መሣሪያ የተቆረጡበት ምልክት አለ። የተሰበሩትም መቅናቸው እንዲወጣ ነው። ሙዚየሙ በር ላይ ሳልፍ ይህን አስባለሁ። አጥንት ሰብሮ መቅን የማውጣት ሥራ እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት ማስረጃዎቹ አንዱ የተገኘው እዚሁ አገር ነው።

አጥንቱ ወደ ድስት ሲመለስ

መቅኑ ተበላ። አሁን አጥንቶቹን ሰብስቡ። ሰው የመጠጠውን አጥንት መልሶ መቀቀል የሚከብዳችሁ ከሆነ መቅኑን ጓዳ ውስጥ አውጥታችሁ አቅርቡ። መረቁ ረጅም ሰዓት ስለሚፈላ ግን እኛ ቤት በቤተሰብ መካከል አናስበውም። ለእንግዳ ከሆነ ጓዳ ውስጥ አወጣዋለሁ።

መቅኑ የተቀቀለበት ውኃ ድስቱ ውስጥ አለ። ባዶዎቹን አጥንቶችና ያስቀመጣችሁትን ጉልበት ጨምሩበት። ውኃው ከአጥንቱ ሁለት ጣት ከፍ እስኪል ሙሉት። አንድ ሙሉ ቀይ ሽንኩርት፣ አራት አምስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ ጥቂት ቁንዶ በርበሬ ጣሉበት። ጨው አሁን አታድርጉ። መረቁ እየተነነ ሲሄድ ጨውነቱ ይበረታል። በመጨረሻ ቅመሱና አስተካክሉ።

በትንሽ እሳት አምስት ስድስት ሰዓት ይቆይ። በከሰል ለምትሠሩ፣ ቡና ከተፈላ በኋላ የቀረው ፍም ለዚህ ይመቻል፤ ምድጃውን ግን በር የተከፈተበት ቦታ አድርጉት። ጋዝም መብራትም ለሚቆጥብ ፕሬሸር ኩከር አለ። ግፊቱ የውኃውን መፍያ ሙቀት ከፍ ስለሚያደርገው ከፍታችንን ያካክሰዋል። አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ማሰሮውን ከሁለት ሦስተኛ በላይ አትሙሉት። እንፋሎቱ ሳይወጣ ክዳኑን አትንኩ።

የጥብስ ቅጠል የምትወዱ መጨረሻ ላይ፣ እሳቱ ሊጠፋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ጣሉ። ቀድሞ ከገባ መረቁን ያመርረዋል።

መረቁን አጥልላችሁ ፍሪጅ ስታስገቡት ሲያድር ይረጋል። ሰው ይህን ሲያይ «መቅኑ ነው» ይላል። አይደለም። ያረጋው ከመጋጠሚያው፣ ከጅማቱና ከአጥንቱ የወጣ ጄላቲን ነው። ጉልበቱን እንዳትጥሉት ያልኳችሁ ለዚህ ነው። መረቃችሁ ካልረጋ አልተበላሸም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ጉልበት ጨምሩ።

እግሩ ለተሰበረ ሰው፣ ለወላድ፣ ከሕመም ለተነሣ የቅልጥም መረቅ መውሰድ የኛ ወግ ነው። እኔም እወስዳለሁ። ትኩስ ነው፣ በቀላሉ ይጠጣል፣ ምግብ እምቢ ያለውን ሆድ ይከፍታል። ግን እውነቱን መናገር አለብኝ። ብዙ ሰው እንደሚያስበው መረቅ በካልሲየም የተሞላ አይደለም። ካልሲየሙ አብዛኛው አጥንቱ ውስጥ ነው የሚቀረው። አንድ ብርጭቆ ወተት በዚህ ይበልጠዋል። ስለዚህ አጥንቱ ለተሰበረ ዘመዳችሁ መረቁን ውሰዱለት፤ ወተቱንም፣ እንቁላሉንም አትርሱ። ሐኪሙ ያዘዘውንም አታስቀሩበት።

ለሌላ ወጥ

እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው መቅን ያለበትን ሽሮ ነው። ከስድስቱ ቁራጭ የሁለቱን መቅን አስቀሩ። ሽንኩርቱን በትንሽ ዘይት አብስሉ፣ ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ፣ በውኃ ፈንታ መረቁን አፍስሱ። ሲፈላ ሽሮውን እየነሰነሳችሁ አማስሉ። ሊወጣ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው መቅኑን በማንኪያ ቆራርጣችሁ ጣሉበት። ከዚያ አታማስሉት። ሙሉ ለሙሉ ሳይቀልጥ እዚህም እዚያም ይቀራል። ቅቤ አያስፈልገውም። በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ሲቀርብ፣ ቃሪያ ጎኑ ላይ ሲሆን፣ ለእኔ ከክትፎ አያንስም።

ጎመን በሥጋ ላይም እንዲሁ አድርጉ። ጎመኑን በመረቁ አብስሉት፤ መቅኑን ሊወጣ ሲል ጨምሩ። ቅንጬ በመረቅ ሲበስል ለቁርስ ጥሩ ነው። በረመዳን ጎረቤቶቻችን ለአፍጥር የሚያዘጋጁት ሾርባ ውስጥ አጥንት ሲገባ ሽታው ኮሪደሩን ይሞላዋል። የአጥንቱ መረቅ ነው ያንን ሾርባ ጉልበት የሚሰጠው። የተረፈ እንጀራ ካለ ደግሞ በትኩስ መረቅ ፍትፍት አድርጉት፤ ከላይ ሚጥሚጣ።

ጥንቃቄ

በጥሬው አትብሉት። ጥሬ ሥጋ እንደምንወድ አውቃለሁ። መቅን ግን ሌላ ነገር ነው። ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ባክቴሪያው በታመመ እንስሳ መቅን ውስጥ ሊኖር ይችላል። ሙቀት ይገድለዋል። መሐሉ ድረስ ይሙቅ ያልኩት ለጣዕሙ ብቻ አይደለም።

መጠኑንም እዩ። መቅን በአብዛኛው ስብ ነው። 100 ግራም መቅን ከ700 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይሰጣል። በሳምንት አንዴ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ቢበላ ደስ ይላል። የዕለት ምግብ አይደለም። የኮሌስትሮል ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ።

መረቁን በድስቱ እንዳለ አታሳድሩ። በጥልቅ ድስት ውስጥ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ወደ ሰፋፊ ዕቃዎች ገልብጡት፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ከዚያ በላይ ከሆነ ፍሪዘር ውስጥ በትንንሽ ዕቃ አስቀምጡ። ያልተበላ መቅን ካለ ከአጥንቱ አውጥታችሁ በተከደነ ዕቃ አስቀምጡት፤ በሁለት ቀን ሽሮ ውስጥ ይግባ። አጥንቱን ለውሻ ለመስጠት ካሰባችሁ ተዉት። የተቀቀለ አጥንት ሲሰበር ስለት ስለሚሆን ጉሮሮውንና አንጀቱን ይወጋዋል።

ቅርጫ ለምትገቡ

በቅርጫ አጥንቱ ለየመደቡ እኩል እንዲደርስ በመጥረቢያ ይፈለጣል። ፍትሐዊ ነው። ቅልጥሙ ግን እዚያው መሬት ላይ መቅኑ ይፈስሳል፤ ለሁሉም ስባሪ ይደርሳቸዋል። እኛ ግቢ ይህን ተነጋግረን ለወጥነው። በሬው ከመታረዱ በፊት ነው መነጋገር ያለባችሁ፤ ሥጋው ከተዘረጋ በኋላ ማንም አይሰማም። የእግሮቹ ቅልጥሞች ሙሉ እንዳሉ ለብቻ ይቀመጣሉ። በዕጣ ለሚወጣለት ቤት ይሰጣሉ። ያ ቤት በማግስቱ ማለዳ ግቢውን መረቅ ይጠራል።

ባለፈው ገና ዕጣው የወጣው ለእኛ ቤት ነበር። ማታውን ዘፈዘፍኩ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ድስቱን ጣድኩ። አንድ ሰዓት ሲሆን ጎረቤቶቻችን በጋቢ ተጠቅልለው አንድ በአንድ ገቡ። የመጀመሪያውን ቁራጭ ለአጎቴ ሰጠሁት። አንኳኳው። ሙሉው መቅን እንጀራው ላይ ወደቀ።